ቀሪ

«የሙያ ዘርፍ» ይላል ቅጹ በገጽ ሁለት፣
አንዲት ጠባብ ሣጥን፣ አንድ ቃል ልጽፍባት።
ደብረ ብርሃን ጥር ነው፤ ውርጩ አልለቀቀም፣
ባፌ ካላሞቅሁት እስክሪብቶው አይጽፍም።
ዶክተር እንግዳሸት ካፖርት እንደለበሱ፣
«የቱን ልጻፍ?» ስላቸው ጢማቸውን ዳሰሱ።

ፋይላቸው ሦስት ነው፣ በሲባጎ የታሰረ፤
የመጀመሪያው ቢጫ፣ ጠርዙ የተሸረሸረ፣
ስለ ብቸኛ ቁጥር፦ ከአንድና ከራሱ በቀር
ማንም የማይከፍለው፣ እንደ መንዝ ቋጥኝ ግትር።
«ይኼን ከየት አመጡት?» «ከሰላ ድንጋይ፣ ልጄ፤
የኔታ ወልደ ሰንበት ሲያስቆጥሩኝ በእጄ።
ዓመተ ዓለሙን ባሥራ ዘጠኝ ገድፈሽ፣
ከተረፈው ላይ ደግሞ አንድ ለዘመን ትተሽ፣
ወንበር ነው የምትዪው፤ ባሥራ አንድ አብዝተሽ፣
ሠላሳ ሠላሳውን እየጣልሽ ወርደሽ፣
አበቅቴ ማለት እርሱ ነው፣ መዳፍሽ ላይ የቀረሽ።
ሰባት ሺህ ዘመን ይጣላል እንደ እብቅ ተነፍቶ፤
ፋሲካ ግን ይመጣል በትራፊዋ ተመርቶ።»

ሃያ ዓመት ስለ ቀሪ ብቻ ጻፉ፣ አስተማሩ።
ማስረጃው ተያይዟል፤ አንዱ ሰርተፊኬት ላይ
የሻይ ብርጭቆ ክብ ቀርቷል።
ከዚያ አንድ ቀን ተነሥተው ፍልስፍና ክፍል አደሩ፤
የሒሳብ ክፍል ኃላፊው «አበዱ» ብሎ ጽፏል።
(በእርግጥ «አበዱ» አላለም፤ «ትኩረት አጥተዋል» ይላል።)

ሁለተኛው ፋይል ሰማያዊ፣ ርእሱም ጥያቄ ነው፦
«የሌለ ነገር ሲቆጠር፣ የሚቆጠረው ማነው?»
ስለርሱ ጠየቅኋቸው። መስኮቱን አይተው ዝም አሉ፤
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃዎች ይወጣሉ።

«አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ስድሳ ዘጠኝ፣ መምህሩ ስም ጠሪ፣
‹ጥበቡ ሸዋቀና!› ሲሉ፣ እኛ ‹ቀሪ›።
ማክሰኞም ‹ቀሪ›። ረቡዕም ‹ቀሪ›።
እስከ ሰኔ ተጠራ፤ ስሙ ብቻ ኗሪ።
ስሙን የሚሰርዝ እጅ በክፍሉ አልተገኘም።
አንድ ዴስክ ነበርን፤ ከዚያ ወዲህም የትም
ስቀመጥ፣ በግራ በኩል፣ የሱን ቦታ አልነካም።»

ሦስተኛው ፋይል አዲስ ነው፣ ሙጫው ገና ይሸታል፣
«ሰው ሠራሽ አስተውሎት» በትልቁ ታትሞበታል።
በስድሳ ዓመታቸው ከልጆች ጋር ኮድ ተማሩ፣
መብራት ሲጠፋ እያቆሙ፣ ሲመጣ እየጀመሩ፣
የድሮ የስም መጥሪያ እጅ ጽሑፉን የሚያነብ፣
አይጥ የበላውን ረድፍ ምን ነበር ብሎ የሚያስብ
ማሽን ሠሩ።
(«ያስባል» ያሉት እርሳቸው አይደሉም። የኔ ቃል ነው።)

ከመዝገቦቹ አንዱ የስድሳ ዘጠኙ ነበር።
ሰኞ ላይ ቀዳዳ።
ማሽኑ ግራ ቀኙን አየ፤
ብዙ ልጅ ብዙ ቀን ስለማይቀር፣
ስህተቱን ለማሳነስ፣
ጻፈ፦
ጥበቡ ሸዋቀና — አለ።

«አንድ ሌሊት አመንኩት» አሉኝ። «አንድ ሌሊት ሙሉ።
ተነሥቼ በር ልከፍትለት ሁሉ ነበር።
ሲነጋ በእጄ አረምኩት፣ በቀይ።
አልዋሸም እኮ። መቅረት ምን እንደሆነ
ማን ነገረው?»

የሙያ ዘርፏን ሣጥን ባዶዋን ተውኳት፤
ኃላፊዬ «ያልተሟላ» ብሎ ይመልሳል ነገ ጠዋት።
ቀጥሎ ባለው መስመር «ቀሪ ፈቃድ» ይላል፤
ደመርኩ፦ «አሥራ አንድ ቀን፣ ዶክተር፣ ሳይወስዱት ቀርተዋል።
መመሪያው ግን…» አፈርኩ። «አሥራ አንዱ አይከፈልም።»
ብድግ አሉ፣ ሣቁ። በዚህ ቢሮ እንዲያ የሣቀ ሰው አላውቅም።
«እሱማ» አሉ፣ ኮፍያቸውን እያጠለቁ፣
«እሱማ አይከፈልም።»